የፈረንሳይኛው «አቭዋር» በአሁን ጊዜ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአማርኛ ተነሥተው ፈረንሳይኛ የሚማሩ ሰዎች ስለዚህ ግስ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ የፈረንሳይኛ ቃላቱ በጆሮ እንደሚሰሙት በፊደላችን ተጽፈዋል።

«አቭዋር» ምን ማለት ነው?

መዝገበ ቃላት ቢገልጡ «አለኝ፣ አለህ፣ አለው» የምንለውን የሚተካ ግስ ሆኖ ያገኙታል። ትርጉሙ ትክክል ነው። ቤት፣ ሥራ፣ ልጅ፣ ቀጠሮ ወይም ተስፋ ያለው ሰው በፈረንሳይኛ በዚህ ግስ ይናገራል። «አቭዋር» የሚለው ቅርጽ አርእስቱ ነው፤ እንደ «መብላት» እና «መሄድ» ማለት ነው። የሚጻፈውም በአምስት ፊደላት ነው፦ አ፣ ቬ፣ ኦ፣ ኢ፣ ኤር።

ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አማርኛ «መጽሐፍ አለኝ» ሲል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መጽሐፉ ነው፤ «አለ» የተባለለት እርሱ ነው። እኔ የምገኘው በግሱ ጫፍ ላይ በተንጠለጠለችው «ኝ» ውስጥ ብቻ ነው። ፈረንሳይኛ ይህን ይገለብጠዋል፤ እኔ ባለቤት ሆኜ ከፊት እቆማለሁ፣ መጽሐፉ ተሳቢ ሆኖ ከኋላ ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ግስ ላይ የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ስለሆነ ከዚህ በታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

በአሁን ጊዜ እንዴት ይረባል?

ዤ — አለኝ
ቱ አ — አለህ፣ አለሽ
ኢላ፣ ኤላ — አለው፣ አላት
ኑ ዛቮን — አለን
ቩ ዛቬ — አላችሁ፣ አለዎት
ኢል ዞን፣ ኤል ዞን — አላቸው (ለወንዶች ወይም ለተቀላቀሉ፣ ለሴቶች ብቻ)

«ዤ» የሁለት ቃላት ውሕደት ነው። «እኔ» የሚለው «ዠ» ከግሱ ቅርጽ ከ«ኤ» ጋር ሲገናኝ አናባቢውን ይጥላል፤ በጽሑፍ በወደቀው ፊደል ቦታ ከላይ ጭረት ይደረጋል። «ኤ» ብለን የምናነባት ቅርጽ ስትጻፍ ሁለት ፊደል ናት፣ አ እና ኢ። ከ«ቱ» ጋር አ እና ኤስ ይጻፋሉ፤ ኤስ ግን አትነበብም። ከ«ኢል» እና ከ«ኤል» ጋር አ ብቻዋን ትቆማለች። በመጨረሻው መስመር ያለው «ኦን» ደግሞ ኦ፣ ኤን፣ ቴ ተብሎ ይጻፋል፤ ቴም ድምፅ የላትም።

ቅርጾቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ የሚመስሉት ከላቲኑ «ሃቤሬ» ወርደው በብዙ መቶ ዓመታት አጠቃቀም ስለ ተሸራረፉ ነው። ሥሩ ሳይጎዳ የቀረው በ«አቮን» እና በ«አቬ» ላይ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ከሌሎቹ ግሶች ሕግ ጋር አብረው ሊይዟቸው ይችላሉ። የቀሩትን ግን በቃል ከማጥናት ሌላ መንገድ የለም። ለ«እነርሱ» በአሁን ጊዜ «ኦን» ብለው የሚጨርሱት ግሶች በቋንቋው ውስጥ አራት ብቻ መሆናቸውም ይረዳል፦ ኢል ዞን (አላቸው)፣ ኢል ሶን (ናቸው)፣ ኢል ፎን (ይሠራሉ)፣ ኢል ቮን (ይሄዳሉ)። አራቱን በአንድ ትንፋሽ ይያዟቸው።

«ዠ» እና «ዤ» ይምታቱብኛል። ልዩነታቸው ይህን ያህል ዋጋ አለው?

በጣም አለው። «ዠ ማንዥ» ማለት «እበላለሁ» ወይም «እየበላሁ ነው» ሲሆን «ዤ ማንዤ» ግን «በላሁ» ነው። የመጀመሪያዋን አናባቢ ያሳተ ተማሪ የነገሩን ጊዜ ሁሉ ያፋልሳል። «ፈረንሳይኛ እናገራለሁ» ሊል የፈለገ ሰው «ዤ ፓርል ፍራንሴ» ሲል በተደጋጋሚ ይሰማል፤ ትክክለኛው «ዠ ፓርል ፍራንሴ» ነው። እዚያ «አለኝ» የሚባል ነገር ስለሌለ አቭዋር ምንም ቦታ የለውም።

ደግነቱ ፊደላችን ይህን ልዩነት በሚገባ ይዞታል። «ዠ፣ ዡ፣ ዢ፣ ዣ፣ ዤ፣ ዥ፣ ዦ» ብለው ሲቆጥሩ ግዕዙ «ዠ» እኔ ነው፤ ኃምሱ «ዤ» አለኝ ነው። በላቲን ፊደል ብቻ ከማጥናት ይልቅ መጀመሪያ ላይ በደብተርዎ ጠርዝ በእኛ ፊደል ቢጽፉት ጆሮዎ ቶሎ ይለየዋል። አንዳንድ መምህራን ይህን አይወዱትም፤ እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሙሉ ልብ እመክረዋለሁ።

«ኢል ዞን» እና «ኢል ሶን» አንድ አይደሉም?

አይደሉም፤ የሚለያቸውም አንድ ተነባቢ ነው። በ«ዘ» ሲሆን «አላቸው»፣ በ«ሰ» ሲሆን «ናቸው» ነው። «ዘ» የመጣችው ከግሱ አይደለም። «ኢል» ለብዙ ሲሆን መጨረሻው ላይ የማትነበብ ኤስ አለች፤ ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ ይህች ኤስ ነቅታ «ዘ» ትሆናለች። በ«ኑ ዛቮን» እና በ«ቩ ዛቬ» ላይም የምትሰማው እርሷ ናት። አማርኛ «ሰ» እና «ዘ»ን አጥርቶ ስለሚለይ የሚያስቸግረው አፍ ሳይሆን ትኩረት ነው።

ሁለት ድምፆች ግን ከፊደላችን ውጭ ናቸው። የ«ዞን» መጨረሻ እንደ እኛ «ን» ምላስን ከላንቃ አያገናኝም፤ «ኦ»ን እያሉ አየሩን በአፍንጫ ይልቀቁት፣ ምላስዎ ግን ታች ይረፍ። «ቱ» ብዬ የጻፍኩትም «ኡ» አይደለም። ከንፈርዎን «ኡ» ሊሉ እንደሆነ አሹልና «ኢ» ይበሉ፤ የሚወጣው ድምፅ እርሱ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ መለማመድ ይረዳል።

ለአንተ፣ ለአንቺ እና ለእርስዎ የትኛውን ልጠቀም?

«ቱ አ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ «አለህ» እና «አለሽ» የሚለያዩት በእኛ ዘንድ ብቻ ነው። ለማያውቁት ሰው፣ በዕድሜ ለሚበልጥዎ፣ ለሐኪም፣ ለቢሮ ሠራተኛ «ቩ ዛቬ» ይበሉ። ሰውየው አንድ ቢሆንም ግሱ የብዙ ቅርጹን ይይዛል፤ ስለዚህ «እርስዎ አለዎት» እና «እናንተ አላችሁ» በፈረንሳይኛ አይለያዩም። የሚያናግሩት ሰው ራሱ «ቱ እንባባል» እስኪልዎ ድረስ በ«ቩ» መቆየት ጨዋነት ነው።

ለ«እሳቸው» ግን አቻ የለም። ስለ አያትዎም ሲያወሩ «ኢላ» ወይም «ኤላ» ነው የሚሉት። በአንቱታ ላደገ ሰው ይህ ጉሮሮ ላይ ይተናነቃል፤ አንዳንዱም አክብሮት ለመጨመር ብሎ «ኢል ዞን» ይላል። እንዲህ ሲባል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ «እነማን?» ብሎ ዙሪያውን ይመለከታል። ክብሩ በግሱ ሳይሆን በድምፅዎ እና በሚመርጡት ቃል ይገለጥ።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ኑ ዛቮን» ከሚለው ይልቅ «ኦና» የሚለውን አብዝተው ይሰማሉ። ትርጉሙ ያው «አለን» ነው፤ ግሱ ግን የ«ኢላ»ን ቅርጽ ይይዛል። በመደበኛ ደብዳቤ ላይ «ኑ»ን ይጻፉ።

«ሦስት ወንድሞች አሉኝ» ስል ግሱ ወደ ብዙ ይለወጣል?

አይለወጥም፤ መገለባበጡ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ወንድም አለኝ፣ እህት አለችኝ፣ ሦስት ወንድሞች አሉኝ» እንላለን። «አለ፣ አለች፣ አሉ» እያልን የምንለዋውጠው ባለቤቱ ወንድሙ ወይም እህቷ ስለሆኑ ነው። በፈረንሳይኛ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነኝ። «ዤ አን ፍሬር፣ ዤ ኡን ሰር፣ ዤ ትርዋ ፍሬር።» «ዤ» በሦስቱም ላይ ያው ነው።

«ሦስት ወንድሞች አሉት» ሲሆን ችግሩ ይብሳል። «አሉ» የሚለው ጆሮ ውስጥ ስላለ እጅ ሳያስበው «ኢል ዞን ትርዋ ፍሬር» ብሎ ይጽፋል። ይህ ግን «ሦስት ወንድሞች አሏቸው» ነው። አንድ ሰው ከሆነ «ኢላ ትርዋ ፍሬር»። ከመጻፍዎ በፊት «ያለው ማን ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ «ምን ያህል አለው?» የሚለው ግሱን አይመለከተውም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ አይዘንጉ። አማርኛ ግሱ ብቻውን ስለሚናገር «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፤ ፈረንሳይኛ ግን ያለ «ኢል» ወይም «ኑ» አይቆምም። እኛ «ወንድም አለኝ» ብለን ስሙን እርቃኑን እንተወዋለን፤ እነርሱ «አን» (ለተባዕት)፣ «ኡን» (ለአንስት) ወይም «ዴ» (ለብዙ) ከፊቱ ያቆማሉ።

«የለኝም» እንዴት ይባላል?

ግሱን በ«ነ» እና በ«ፓ» መካከል ያስገቡት፦ ዠ ኔ ፓ፣ ቱ ና ፓ፣ ኢል ና ፓ፣ ኑ ናቮን ፓ፣ ቩ ናቬ ፓ፣ ኢል ኖን ፓ። «ነ» በመሀል ስለ ገባች ቅድም «ዘ» ሆና የነቃችው ኤስ ተመልሳ ትተኛለች፤ «ኑ ዛናቮን» አይባልም። ግስን ከፊትም ከኋላም መያዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «አልበላም» ስንል «አል» ከፊት «ም» ከኋላ ሆነው የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በፈጣን ንግግር ፈረንሳይኛ የፊተኛውን ጥሎ «ዤ ፓ» ይላል። አማርኛ ደግሞ «ካልበላ» ሲል የኋለኛውን ይጥላል።

ተማሪዎች የሚረሱት ቀጥሎ ያለውን ነው። «አን»፣ «ኡን» ወይም «ዴ» በአሉታ ወደ «ደ» ይለወጣሉ። «ዤ ኡን ቭዋቱር» (መኪና አለኝ) የሚለው «ዠ ኔ ፓ ደ ቭዋቱር» ይሆናል። መጠኑ ያልተወሰነ ነገርም እንዲሁ ነው፦ «ዤ ደ ላርዣን» (ገንዘብ አለኝ)፣ «ዠ ኔ ፓ ዳርዣን» (ገንዘብ የለኝም)። ተለይቶ የታወቀ ነገር ከሆነ ግን ምንም አይለወጥም፤ «ዤ ላ ክሌ» (ቁልፉ አለኝ) በአሉታ «ዠ ኔ ፓ ላ ክሌ» ነው።

«አለህ?» ብዬ እንዴት ልጠይቅ?

ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ ድምፅን ከፍ አድርጎ «ቱ አ ላ ክሌ?» ማለት ነው። ሁለተኛው ከፊት «ኤስ ከ» መጨመር ነው፦ «ኤስ ከ ቱ አ ላ ክሌ?» ይህ በየትኛውም ቦታ አያሳፍርም፤ ለጀማሪ የምመርጠውም ይህን ነው። ሦስተኛው ግሱን አስቀድሞ «አ ቱ?»፣ «አቬ ቩ?» ማለት ሲሆን ከፍ ያለ፣ ለጽሑፍ የሚስማማ አነጋገር ነው።

በሦስተኛው መንገድ «አለው?» ሲባል «አ ኢል» አይደለም፤ ሁለት አናባቢ እንዳይጋጭ በመካከል ቴ ትገባለች፣ «አ ቲል?» ይሆናል። ይህች ቴ ምንም ትርጉም የላትም፤ የገባችው ለጆሮ ብላ ነው።

«ኢልያ» ከዚሁ ግስ ነው?

አዎን። «ኢል፣ ኢ፣ አ» የሚሉ ሦስት ቃላት ተጣምረው «አለ» የሚለውን ሰጡ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «አ» የአቭዋር ናት። «ኢልያ አን ትራን አ ላ ጋር» ማለት «ጣቢያው ላይ ባቡር አለ» ነው። «ላ ጋር» እንግዳ አልሆነብዎትም ይሆናል፤ ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ሐዲድ በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያውን የጠሩበት ቃል ነው፣ እኛም «ለገሃር» ብለን አስቀረነው።

እኛ «አለ፣ አለች፣ አሉ» ስንል እነርሱ ለአንዱም ለመቶውም «ኢልያ» ይላሉ። «ኢል ዚያ» የሚባል የለም። አሉታው «ኢል ኒያ ፓ ደ» ነው፤ «ኢል ኒያ ፓ ደ ትራን» ማለት «ባቡር የለም» ነው። በንግግር ብዙ ጊዜ «ያ» ብቻ ሆኖ ስለሚሰማ ለማዳመጥ ይዘጋጁ።

ሌላም ሥራ አለው። ከጊዜ ቃል በፊት ሲገባ «ከዚህ ያህል ጊዜ በፊት» ማለት ይሆናል፤ «ኢልያ ትርዋ ዛን» ማለት «ከሦስት ዓመት በፊት» ነው። «ሦስት ዓመት አለ» ብሎ ለመተርጎም የሞከረ ሰው ግራ ይጋባል።

ዕድሜዬን ስናገር «ነኝ» ልበል ወይስ «አለኝ»?

«አለኝ» ነው። እኛ «ዕድሜዬ 30 ነው» ስለምንል እጃችን ወደ «ነው» ይሄዳል፤ ፈረንሳዮች ግን «ዤ ትራንታን» ይላሉ፣ ቃል በቃል «30 ዓመታት አሉኝ»። ዓመት የሚለውን «አን» መተው አይቻልም፤ «ዤ ትራንት» ብሎ ያቆመ ሰው 30 ምን እንዳለው ሳይናገር ቀርቷል። ጥያቄው «ኬላዥ አ ቱ?» ወይም በአክብሮት «ኬላዥ አቬ ቩ?» ነው። ለ20 ዓመት «ዤ ቫንታን» ሲሉ ብቻዋን ስትነበብ የማትሰማው የ«ቫን» ቴ እንደምትሰማ ልብ ይበሉ።

«ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ» ለምን በአቭዋር ይነገራሉ?

ይህ ለእኔ የዚህ ግስ እጅግ ውብ ክፍል ነው። አማርኛ «ራበኝ» ሲል ረኃቡ የሚመጣ ኃይል ነው፤ እኔ የደረሰብኝ ነኝ። «በረደኝ»፣ «ሞቀኝ»፣ «አመመኝ»፣ «አማረኝ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ ሰውየው ሁልጊዜ በ«ኝ» ውስጥ ተቀባይ ሆኖ ይቀመጣል። ፈረንሳይኛ ሰውየውን ያነሣና ባለቤት አድርጎ ረኃቡን በእጁ ያስይዘዋል፦ «ዤ ፋን»፣ ረኃብ አለኝ። ስለዚህ ጥሩ መመሪያ አለ። በአማርኛ «ኝ» የሚያበዛ የሰውነት ስሜት ሲገጥምዎ መጀመሪያ አቭዋርን ይሞክሩ።

«ዤ ስዋፍ» ጠማኝ፣ «ዤ ፍርዋ» በረደኝ፣ «ዤ ሾ» ሞቀኝ፣ «ዤ ሶሜይ» እንቅልፌ መጣ። ፍርሃትም ሐፍረትም እንዲሁ «ይኖራሉ»፦ «ዤ ፐር» ፈራሁ፣ «ዤ ኦንት» አፈርኩ። «ዤ አንቪ ዳን ካፌ» ማለት ደግሞ የእኛው «ቡና አማረኝ» ነው፤ ከዚህ የቀረበ ትርጉም አላውቅም። «ዤ በዝዋን ዶ» ውኃ ያስፈልገኛል። «ልክ ነህ» ስንል «ነህ» ብንጠቀምም እነርሱ «ቱ አ ሬዞን» ይላሉ፤ «ተሳስተሃል» ደግሞ «ቱ አ ቶር» ነው። ስሜቱ ሲበረታ ከስሙ በፊት «ትሬ» ይጨመራል፤ «ዤ ትሬ ፋን»፣ በጣም ራበኝ።

ሐኪም ዘንድ የሚያስፈልገው «ዤ ማል አ ላ ቴት» ነው፤ ራሴን አመመኝ። እኛ «ራሴን»፣ «ጥርሴን» ብለን የራሳችን መሆኑን እንናገራለን፤ እነርሱ «ላ» ብቻ ይላሉ፣ የማን ራስ እንደሆነ «ዤ» አስቀድማ ተናግራለችና። «ዤ ማል ኦ ዶ» ጀርባዬን ሲሆን «ዤ ማል ኦ ዳን» ጥርሴን ነው። የሁለቱን የመጨረሻ አናባቢ አጥርተው ይናገሩ።

ታዲያ «ዠ ስዊ ሾ» ብል ምን ይሆናል?

«ዠ ስዊ» ማለት «ነኝ» ነው። «ዠ ስዊ ሾ» በመዝናኛ ወሬ መካከል ሥጋዊ ፍላጎትን ስለሚያመለክት በሥራ ቦታ ቢናገሩት ያሳፍርዎታል። «ዠ ስዊ ፍርዋ» ደግሞ ስለ ጠባይ ይናገራል፤ ስሜት የሌለኝ፣ ቀዝቃዛ ሰው ነኝ ማለት ነው። አየሩን ለመግለጥ ከሁለቱም የተለየ ግስ አለ፦ «ኢል ፌ ሾ» ሙቀት ነው፣ «ኢል ፌ ፍርዋ» ብርድ ነው።

«ደከመኝ» እና «ደስ አለኝ»ም በአቭዋር ናቸው?

አይደሉም፤ ከላይ የሰጠሁት መመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ደከመኝ» በ«ኝ» ቢያልቅም ፈረንሳይኛው «ዠ ስዊ ፋቲጌ» ነው፤ «ታምሜአለሁ» ደግሞ «ዠ ስዊ ማላድ»። ምክንያቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ዓይነት ነው። «ፋን» እና «ስዋፍ» ስሞች ናቸው፤ ስም ሊኖርዎት ይችላል። «ፋቲጌ» እና «ማላድ» ቅጽሎች ናቸው፤ ቅጽልን ይሆኑታል እንጂ አይኖርዎትም። አዲስ ቃል ሲማሩ ስም ይሁን ቅጽል አብረው ይጻፉ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ አይነሣም።

«ደስ አለኝ» ደግሞ በመልኩ ያሳስታል። እዚያ ያለው «አለ» ላልቶ የሚነበበው፣ «ተናገረ» የሚለው «አለ» ነው፤ «ዝም አለ» እና «ቀስ አለ» ውስጥ ያለው። «መጽሐፍ አለኝ» ውስጥ ግን «ለ» ጠብቆ ይነበባል። ስለዚህ «ደስ አለኝ»ን በአቭዋር አይተርጉሙ፤ «ዠ ስዊ ኮንታን» ይበሉ።

«የደከመው ይመስላል» ሲሆን ግን አቭዋር በሌላ በር ይመለሳል፤ «ኢላ ሌር ፋቲጌ» ይባላል፣ የድካም መልክ አለው እንደማለት ነው።

«መሄድ አለብኝ»ን በዚህ ግስ ማለት ይቻላል?

«አለብኝ» ውስጥ «አለ» ስላለ ብዙዎች «ዤ ፓርቲር» ብለው ይሞክራሉ፤ ትርጉም አይሰጥም። ግዴታን የሚናገረው ሌላ ግስ ነው፦ «ዠ ድዋ ፓርቲር»። በአቭዋር «ዤ አ ፌር» (የምሠራው ነገር አለኝ) የመሰሉ አነጋገሮች ቢኖሩም ለጀማሪ «ዠ ድዋ» በቂ ነው።

«ይህ መጽሐፍ የእኔ ነው» እና «ይዤዋለሁ»ስ?

የመጀመሪያው አቭዋርን አይፈልግም፤ «ሰ ሊቭር ኤ ታ ምዋ» ይባላል። ሁለተኛው ይፈልጋል። እኛ «አለኝ» እና «ይዣለሁ» ብለን የምንለየውን ፈረንሳይኛ በአንድ «ዤ» ይሸፍነዋል። በእጅ ወይም በኪስ መኖሩን ማጥበቅ ሲያስፈልግ «ሱር ምዋ» ይጨመራል፦ «ዤ ላ ክሌ ሱር ምዋ»።

ስጽፍ «አ» መቼ ከላይ ጭረት ታደርጋለች? «ኦን»ስ መቼ ቴ ትጨምራለች?

«አለው» የምትለው አ ጭረት የላትም፤ «ወደ» ወይም «በ» የምትለው መስተዋድድ ግን አላት። በድምፅ አንድ ናቸው። የፈረንሳይ ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚማሯት ዘዴ ለእኛም ትሠራለች። ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ ወስደው በ«አቬ» (ነበረው) ይተኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ ግስ ነውና ጭረት አያድርጉ። «ኢላ አን ትራን» የሚለው «ኢላቬ አን ትራን» ሊሆን ይችላል፤ «አ ላ ጋር» ግን «አቬ ላ ጋር» ቢሆን ይፈርሳል።

«ኦን»ም እንዲሁ ነው። «አላቸው» ሲሆን ቴ አለው፤ «እኛ» ወይም «ሰው ሁሉ» የሚለው ተውላጠ ስም ሲሆን የለውም። በ«ነበራቸው» መተካት ከተቻለ ቴ ይጨምሩ።

የአሁን ጊዜ ቅርጽ ከሆነ ለምን ስላለፈ ነገር ስናወራም «ዤ» እንላለን?

እዚያ አቭዋር ረዳት ግስ ሆኗል። «ዤ ማንዤ» ቃል በቃል «የተበላ አለኝ» ዓይነት ነው። እንግዳ ከመሰለዎት «በልቻለሁ» የሚለውን ይፍቱት፤ «በልቼ» እና «አለሁ» ናቸው። የእኛም ቋንቋ ያለፈውን ድርጊት ለመናገር ያንኑ «አለ»ን በአሁን ጊዜ ቅርጹ ይጠራል። ስለዚህ የአሁን ጊዜ እርባታውን በሚገባ ያጠና ሰው ያለፈውን ጊዜ ግማሽ ተምሯል። አሉታውም ቦታውን ያው ይጠብቃል፦ «ዠ ኔ ፓ ማንዤ»፣ አልበላሁም። የመሄድ፣ የመምጣት፣ የመወለድ፣ የመሞት ግሶች ግን ረዳታቸው «ኤትር» (መሆን) ነው፤ «ዠ ስዊ አሌ»፣ ሄድኩ። አቭዋር ለራሱም ረዳት ይሆናል፤ «ነበረኝ» ወይም «አገኘሁ» ሲባል «ዤ ኡ» ነው።

በዚህ ረዳትነት ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚል ነገር አለ። «ደብዳቤ ጻፍኩ» «ዤ ኤክሪ ኡን ሌትር» ነው። «የጻፍኩት ደብዳቤ» ሲሆን፣ ተሳቢው ከግሱ ቀድሞ ስለመጣ፣ «ላ ሌትር ከ ዤ ኤክሪት» ይባላል። «ሌትር» አንስት ስለሆነች ኋላ ያለው ቃል በእርሷ ተለውጦ ድምፅ የሌላት የነበረችው ቴ ተሰማች። «ዤ» ግን አሁንም አልተነካችም፤ ባለቤቷ እኔው ነኝና።